የወንዙን ማቋረጫ ሳታዩ አትክሰሱን

ይድረስ ለጋዜጣችሁ ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው መስከረም «ከመንገድ ወጥቶ ማሽከርከር» በሚል ተከስሼ ተቀጥቻለሁ። የተከሰስኩበት ቦታ ላይ ግን መንገድ የለም። የነበረውን ነሐሴ ላይ ደራሽ ውሃ ወስዶታል። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የከፈልኩት ብር ቆጭቶኝ አይደለም። መጪው ክረምትም ያው ክረምት ነው። በዚያ ጥርጊያ የምንመላለሰው ደግሞ ብዙ ነን፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፣ የእንስሳት ሐኪሞች አሉ፣ እህል ጫኞች አሉ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ሥራዬ የእጅ ፓምፕ ጥገና ነው። በየገጠሩ ሴቶች እጀታውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ ውሃ የሚቀዱበትን፣ ብዙውን ጊዜ አፍሪዴቭ የሚባለውን ፓምፕ ማለቴ ነው። ጎሚኒ መቀየርና ብሎን ማጥበቅ የመሰለውን ትንሽ ነገር መንደሩ ውስጥ የሠለጠነ ሰው ይጨርሰዋል። ቧንቧው ተሰብሮ ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ግን ለእኔ ይደወላል። ያኔ መሳቢያውን፣ ረጃጅሞቹን ቧንቧዎች፣ ዘንጎቹንና የመፍቻ ሳጥኑን በፒክአፔ ጭኜ እሄዳለሁ። ይህ ዕቃ በባጃጅ አይሄድም፤ በአህያ ጭነትም አይሆንም። ፓምፑ በቆመባቸው ቀናት ሴቶቹና ልጆቹ ከወንዝ ይቀዳሉ። የክረምት ወንዝ ውሃ ምን እንደሚመስል ለወሎ ሰው መንገር አያስፈልግም።

አገራችን ቁልቁለት ናት። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን ከ25 ኪሎ ሜትር ብዙም አይበልጥም። በሐረጎ ጠመዝማዛ የወረደ ሰው ልዩነቱን ጆሮው ላይ ያውቀዋል። ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ፣ ታች ፀሐይ እያለ እንኳ ድንገት ይደርሳል። የቦርከና ወንዝም የደሴን ውሃ ይዞ ነው ወደ እኛ የሚወርደው። ትንንሾቹ ወንዞች በጋውን አሸዋና ድንጋይ ሆነው ይከርማሉ። ሐምሌና ነሐሴ ሲገቡ ዳርቻቸውን እየናዱ አቅጣጫ ይቀይራሉ። ትናንት መኪና ያለፈበት ቦታ ዛሬ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ገደል ሆኖ ይገኛል።

የምናገርለት ቀበሌም የገጠመው ይኸው ነው። ከኮምቦልቻ ከሚወጡት አስፋልቶች በአንደኛው ትንሽ ተሂዶ የሚታጠፍ ጥርጊያ አለ። የትኛው እንደሆነ አልጠቅስም፤ ማንንም ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ጥርጊያው ወንዙ ጋ ሲደርስ ተቆርጧል። የአካባቢው ሽማግሌዎች ወረድ ብሎ ዳርቻው ዝቅ ያለበትን፣ ከታች ድንጋይ እንጂ ደለል የሌለበትን ቦታ መርጠው ማቋረጫ አድርገውታል። በሁለቱም በኩል ድንጋይ ከምረው ምልክት ሠርተዋል። አይሱዙውም፣ ጋሪውም፣ ባለ ሞተሩም የሚያልፈው በዚያ ነው። እዚያ ለመድረስ ከጥርጊያው ወርዶ ትንሽ በግጦሽ ዳር፣ ትንሽ ደግሞ በወንዙ አሸዋ ላይ መንዳት የግድ ነው። ፎር ዊል አስገብቼ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ የቀደመውን ዱካ ሳልለቅ ነው የማልፈው። ሌላ ምርጫ የለም።

ፖሊስ እዚያ መቆሙ ግን ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ይህን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። ከእንቁጣጣሽ በኋላ አገሩ አረንጓዴ ሲለብስ፣ አደይ ሲፈነዳ፣ ከከተማ ትልልቅ መኪና ይዘው የሚወጡ ወጣቶች አሉ። ጭቃ ውስጥ እየገቡ ይጫወታሉ። እርጥብ ሜዳ ላይ መኪናውን እያሽከረከሩ ለቲክቶክ ይቀርጻሉ። መዝናናታቸውን አልጠላም። የሚዝናኑበት መሬት ግን የሰው ነው። መስከረም ላይ ጤፉ ገና ለጋ ነው፤ ጎማ ያለፈበት ጤፍ መልሶ አይቆምም። ግጦሹም ለበጋ ከብት ተብሎ በቀበሌው ሕግ ተከልሎ የተጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ ያቃጠለኝ የእርከኑ ነገር ነው። በየዓመቱ ጥርና የካቲት ገበሬው አካፋና ዶማ ይዞ ወጥቶ በዘመቻ የሚሠራው እርከን አለ። ወሎ ከ1977 ድርቅ ወዲህ ስንት ላብ እንዳፈሰሰበት የሚያውቅ ያውቀዋል። አንድ ከባድ መኪና አንድ ቦታ ላይ ጥሶት ካለፈ ውሃው በዚያች ቀዳዳ ይገባል። ጥቁር አፈር ላይ የጎማ ቦይ ሲጨመርበት በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ገበሬዎቹ አቤት ብለው፣ ወረዳው ሰምቶ፣ ትራፊክ ፖሊስ እንዲቆም ማድረጉ ትክክል ነው። የሰው እርከን በጨዋታ የሚያፈርስ ሰው ቅጣቱ ሲያንስበት ነው።

እኔን የያዘኝ ወጣት ፖሊስም ሥራውን እየሠራ ነበር። ጨዋ ልጅ ነው። የቆመው ጥርጊያው ከአስፋልት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ከአጠገቡ አንድ የቀበሌ ሚሊሻ ነበር። ጉድጓዱን ከፍቼ፣ የተሰበረውን ቧንቧ አውጥቼ፣ የጎደለ ዕቃ ላመጣ ወደ ኮምቦልቻ እየተመለስኩ ነበር።

«ሰላም ጋሼ። መንጃ ፈቃድና ሊብሬ።»

ሰጠሁት። ቦሎውን አየ፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አየ። የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን ጠየቀ፤ ሁሉም አለ።

«ጋሼ፣ በወንዙ በኩል ነው የመጡት?»

«አዎ ልጄ። ሌላ መንገድ የለም እኮ። ውሃ ወስዶታል።»

ሚሊሻው ጣልቃ ገባ። «ይሄ የውሃው ሰውዬ ነው፤ ፓምፓችንን የሚሠራው» አለው። ፖሊሱ ትንሽ አመነታ። «አብሽር ጋሼ፣ ቢሮ ሄደው ያስረዱ። እኔ የታዘዝኩት ከጥርጊያው ወጥቶ የመጣ መኪና ካገኘህ ክሰስ ተብዬ ነው» አለኝ። አብረን ሄደን ማቋረጫውን እንይ ብዬ ለመንኩት። ቦታውን ትቶ መሄድ አይችልም። ያለው ፖሊስ እሱ ብቻ ነው፤ የሚንቀሳቀስበት ሞተር እንኳ አልተሰጠውም። ወንዙ ከቆመበት አይታይም። ስለዚህ ያላየውን ነገር ጻፈ። መንጃ ፈቃዴን ያዘ፣ ወረቀቱን ሰጠኝ።

ወረቀቱን ቤቴ ገብቼ በደንብ ሳነበው ነው የባሰ ነገር ያየሁት። «ጥፋቱ የተፈጸመበት ቦታ» በሚለው ላይ የተጻፈው የአስፋልቱ መገንጠያ ስም ነው። ወንዝ የሚል የለም፤ የፈረሰ መንገድ የሚል የለም። ወረቀቱን የሚያነብ ሰው እኔን አስፋልት ለቅቄ ማሳ ውስጥ የገባሁ አድርጎ ነው የሚረዳው። ቦታው በትክክል ካልተጻፈ ተከሳሽ በምን ይከራከራል? ሄዶ የሚያጣራ ሰው ቢገኝስ የት ሄዶ ያጣራል? በሹፌርነት የሚኖር ሰው ደግሞ የሚያስጨንቀው የዕለቱ ገንዘብ ብቻ አይደለም። በትራፊክ ደንቡ ጥፋት በሪከርድ ይያዛል። ሪከርዱ ሲጠራቀም መንጃ ፈቃድ እስከ መታገድ ያደርሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ቃል ለዓመታት የሚከተለን ነገር ነው።

በማግስቱ ቢሮ ሄድኩ። ከቀበሌው ሊቀመንበርና ከውሃ ኮሚቴው የተጻፈ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዤ ነበር። መንገዱ መቆረጡን፣ ማቋረጫው የሕዝቡ መሆኑን፣ እኔም ለሥራ እንደመጣሁ ይመሰክራል። በስልክም ቦታውን ፎቶ አንስቻለሁ። የተቀበለችኝ ልጅ ደብዳቤውን አነበበች፣ ፎቶውንም አየች። «ልክ ነዎት ጋሼ» አለችኝ። «ግን ክሱን የጻፈው ባለሙያ ሳይኖር እኔ መሰረዝ አልችልም። እሱ ፊልድ ነው። ቅሬታ ካስመዘገቡ ቀጠሮ ይሰጥዎታል፤ እስከዚያ መንጃ ፈቃዱ እኛ ጋ ይቆያል።»

ቀጠሮው መቼ ነው ስላት ቁርጥ ያለ ቀን የላትም። አስቡት። ጉድጓዱ ተከፍቶ፣ አፉ በቆርቆሮ ተሸፍኖ ትቼዋለሁ። ሴቶቹ ወንዝ እየወረዱ ነው። እኔ እውነት አለኝ ብዬ ቀጠሮ ልጠብቅ ወይስ ከፍዬ ሥራዬን ልጨርስ? ከፈልኩ። ፎርሙ ላይ ጥፋቱን አምኜ እንደከፈልኩ ተደርጎ ተመዘገበ። በዚያው ሳምንት ፓምፑ ውሃ ሰጠ። ያላጠፋሁት ጥፋት ግን በስሜ አለ።

ይህ የእኔ ብቻ ታሪክ ቢሆን ጋዜጣ ላይ ባላወጣሁት ነበር። ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ ሳወራ ስንቱ ሹፌር እንደዚህ ከፍሎ እንዳለፈ ሰማሁ። አንዱ በሬዎች ጭኖ የሚሄድ ነው፤ ገበያ ሊያልፍበት ሆኖ ከፈለ። ሌላው ታማሚ ጭኖ ነበር። መከራከር ከቅጣቱ የበለጠ የሚያስወጣ ከሆነ ንጹሑም ጥፋተኛውም እኩል ይከፍላሉ። ያን ጊዜ ፖሊስ የእርከን አፍራሹን ከፓምፕ ጠጋኙ የሚለይበት ነገር አይኖረውም። ገበሬውም አይጠቀምም። ጭቃ ውስጥ የሚጫወተው ባለ ገንዘብ ልጅ ቅጣቱን ከፍሎ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። የሚቀረው እንደ እንስሳት ሐኪሙ ያለው ሰው ነው። «ምን በወጣኝ» ብሎ አስፋልቱ ላይ ቆሞ «ላሟን ወደዚህ አምጧት» ማለት ይጀምራል።

ልዩነቱን ማየት ደግሞ ከባድ አይደለም። ሥራ ላይ ያለ መኪና ዱካው አንድ ነው፤ ከማቋረጫው ወደ ጥርጊያው ይመለሳል። የሚጫወት መኪና ዱካው ይዞራል፣ ይሻገራል፣ ሜዳውን ይቆራርጠዋል። የቀበሌው ሚሊሻ ሁለቱንም ያውቃል። በእኔ ጊዜ የተናገረው ቃል አንድ መስመር ሆኖ ክሱ ላይ ቢጻፍ ኖሮ ቢሮ ያለችው ልጅ የምትይዘው ነገር ይኖራት ነበር። ፖሊሱም በስልኩ አንድ ፎቶ ቢያነሳ፣ ሞተር ተሰጥቶት ወንዙን አይቶ ቢመለስ፣ ለራሱም ለሕሊናው ይቀለው ነበር። ወጣቱን ልጅ አልወቅስም። ያላየውን እንዲጽፍ ያደረገው አሠራሩ ነው።

የቅሬታው ጉዳይም ቢሮውን የሚመሩ ሰዎች በቀላሉ ሊያስተካክሉት የሚችሉት ነው። የቀበሌ ማስረጃና ፎቶ ይዞ የመጣን ሰው ክሱን የጻፈው ባለሙያ ባይኖርም አንድ ኃላፊ አይቶ ቢወስንለት ምን ይጎድላል? መወሰን ካልተቻለም ቀጠሮው የታወቀ ቀን ይሁን፤ መንጃ ፈቃዱም ሹፌሩ እጅ ሆኖ ይከራከር። ሊብሬው፣ ታርጋው፣ አድራሻው ተመዝግቧል። የት እንሄዳለን?

ሌላው ሥራ የወረዳው መንገድ ጽሕፈት ቤት ነው። ድልድይ ይሠራ አልልም፤ አቅም እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። ነገር ግን ነሐሴ ላይ የተቆረጠን ጥርጊያ አንድ ባለሙያ መጥቶ አይቶ፣ ከቀበሌውና ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሆኖ «እስኪጠገን ማቋረጫው ይህ ነው» ብሎ ሊወስንና ሊያሳውቅ ይችላል። ያኔ ከምልክቱ ውጭ የተገኘ መኪና ማንም ይሁን ማን ይከሰስ፤ እኔም ብሆን። የሽማግሌዎቹ የድንጋይ ክምር በጎርፍ ስለሚፈርስ ዳር ላይ ከፍ ብሎ በነጭ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ቢደረግ በጨለማ ለሚመጣውም ሰው ይታያል። የቀበሌው ወጣቶች ድንጋዩን እንለቅማለን ብለዋል። ቀለሙንና ብሩሹን እኔ እችላለሁ። የሚጎድለን ቦታውን አይቶ የሚፈርም ሰው ነው፤ ሰኔ ከመግባቱ በፊት ይምጣልን።

ከአክብሮት ጋር
የእጅ ፓምፕ ጥገና ባለሙያ
ከኮምቦልቻ
(ስሜና አድራሻዬ በዝግጅት ክፍሉ ይታወቃል)