ቤተሰብን መበተን የጀመረው ራሱ ሬዲዮ ነው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በአንባብያን ገጻችሁ ላይ፣ ቤተሰብ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ ይሰበሰብ የነበረበትን ዘመን እያነሱ የዛሬውን የእጅ ስልክ የሚወቅሱ ደብዳቤዎች ተከታትለው ወጥተዋል። ትዝታው የእኔም ስለሆነ በደስታ ነው ያነበብኳቸው። ይሁን እንጂ በሁሉም ውስጥ ሳይመረመር የታለፈ አንድ ግምት አለ፤ እርሱም ሬዲዮ በባሕርዩ ሰብሳቢ፣ ስልክ ደግሞ በባሕርዩ በታኝ መሣሪያ ነው የሚል ነው። የሬዲዮን የራሱን ታሪክ ለተመለከተ ሰው ይህ ግምት ብዙም አያስኬድም።

ሬዲዮ ወደ ቤት የገባው የአንድ ሰው ዕቃ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2 ቀን 1920 በአሜሪካ የፒትስበርግ ከተማ ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ የፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ውጤት ባሰራጨበት፣ በ1922 ደግሞ ቢቢሲ ከለንደን ሥርጭቱን በጀመረበት ጊዜ፣ በብዙ ቤት የነበረው መቀበያ ክሪስታል የሚባለው ዓይነት ነበር። ይህ መቀበያ ባትሪም ሆነ የኤሌክትሪክ መስመር አይፈልግም፤ የሚሠራው አንቴናው ከአየር በሚቀበለው እጅግ አነስተኛ ኃይል ብቻ ነው። አድማጩ ጋሌና በተባለ ማዕድን ቁራጭ ላይ ቀጭን ሽቦ እያነካካ ድምፅ የሚሰጠውን ነጥብ ይፈልጋል፤ ነጥቡን ካገኘ በኋላም ድምፁ ከጆሮ ማዳመጫ አልፎ ክፍሉን ለመሙላት አቅም የለውም። ስለዚህ አንዱ ሲሰማ ሌላው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ምን አለ? ምን አለ?» ከማለት ሌላ ድርሻ አልነበረውም። ማዳመጫውን ባዶ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ አስቀምጠው፣ ድምፁ ትንሽ ጎልቶ ለሁሉም እንዲሰማ ይሞክሩ የነበሩ ቤተሰቦችም ነበሩ። አብሮ የመስማት ጉጉቱ እንግዲህ የሰዎቹ እንጂ የመሣሪያው አልነበረም።

መሰብሰብ የቻለው መሣሪያ የመጣው ቆይቶ ነው። ቫልቭ የሚባሉት አምፖል መሳይ የመስታወት ክፍሎች ደካማውን ምልክት ማጉላት ሲችሉ፣ በ1920ዎቹ አጋማሽም ዛሬ ድረስ በመሠረቱ ያልተለወጠው የድምፅ ማጉያ ሲሠራ፣ ወደ አሥርቱ ዓመታት መጨረሻ ደግሞ ሬዲዮው በየጊዜው ኃይል መሞላት ከነበረበት የአሲድ ባትሪ ተላቆ በቀጥታ ከቤት መብራት ጋር ሲገናኝ፣ ያን ጊዜ ነው ሁላችንም የምናስታውሰው ባለ እንጨት ሣጥኑ ሬዲዮ ሳሎን ውስጥ ቦታውን የያዘው። ሲከፍቱት ወዲያው አይናገርም፤ ቫልቮቹ እስኪግሉ ግማሽ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ በተሠሩት በብዙዎቹ ላይ፣ ጣቢያው በደንብ ሲያዝ ጥላው የሚጠብ አረንጓዴ ዓይን መሳይ መብራት ነበር፤ ለልጅ ከዜናው ይልቅ የሚስበው እርሱ እንደነበር መናገር አያሻም።

ጸሐፊዎቹ ሁሉ የሚያነሱት ምሽትን ነው፤ ለዚህም ሰው ከሥራ የሚመለስበት ሰዓት ከመሆኑ ሌላ የተፈጥሮ ምክንያት አለው። ከምድር በላይ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው፣ አዮኖስፌር የሚባለው የከባቢ አየር ክፍል የታችኛው ንጣፍ ቀን ቀን በፀሐይ ጨረር ኃይል ስለሚበረታ መካከለኛ የሚባለውን የሬዲዮ ሞገድ ይውጠዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ ይህ ንጣፍ ይሳሳና ሞገዱ ከእርሱ በላይ ካለው ንጣፍ ተመልሶ በብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ከሺህ በሚበልጥ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይወርዳል። ቀን የአቅራቢያውን ጣቢያ ብቻ ይይዝ የነበረው ሬዲዮ ማታ የማናውቀውን ቋንቋ ያመጣልን የነበረው፣ ድምፁም እየቀረበና እየራቀ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ሬዲዮው ከባድ ስለሆነ፣ ከአንቴናው ሽቦም ጋር ስለታሰረ ከቦታው አይነሳም፤ ሥርጭቱም ባብዛኛው በቀጥታ የሚተላለፍ በመሆኑ ያመለጠው አመለጠ። ግራሞፎን በዚህ ረገድ ፈጽሞ የተለየ ነበር። በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞረው ሸክላ በአንድ ገጹ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚጫወት፣ አንድ ሰው እየተነሳ ሸክላውን መገልበጥ፣ መርፌውን መለወጥና መዘውሩን ማዞር ነበረበት፤ ዘፈኑን ግን በፈለገው ሰዓት ይደግመዋል። ሬዲዮ ሰዓቱን የሚወስነው ራሱ ነው፤ ቤተሰቡ ነው ወደ ሰዓቱ የሚመጣው።

ስለ ስብሰባው ዓይነትም ትንሽ እውነቱን ብንነጋገር መልካም ነው። በእኛ ቤት ሬዲዮው የተቀመጠው ልጆች በማይደርሱበት ከፍታ ላይ ነበር፤ መቃኛውንም ከአባቴ በቀር ማንም አይነካውም። ዜና ሊጀምር ሲል ቀድሞ የሚሰማው የአንባቢው ሳይሆን «ዝም በሉ!» የሚለው የአባቴ ድምፅ ነበር። እናቴ ሌላ ጣቢያ ላይ መስማት የምትፈልገው ነገር ይኖር እንደሆነ የጠየቃት ሰው አላስታውስም። አብረን መቀመጣችን እውነት ነው፤ የተቀመጥነው ግን አንድ ሰው የመረጠልንን በዝምታ እየሰማን ነበር፤ ዛሬ ሲተረክ ይህ ዝምታ የቤተሰብ ጨዋታ ሆኖ ይቀርባል። ይህን የምለው አባቴን ለመውቀስ አይደለም፤ በብዙ ቤት የነበረው ሥርዓት ይኸው ስለነበረ ነው።

ያን ሥርዓት ያፈረሰው ትራንዚስተር ነው። በ1947 መጨረሻ በአሜሪካው ቤል ቤተ ሙከራ የተሠራው ይህ ጥቃቅን ክፍል እንደ ቫልቭ መጋልም ሆነ ብዙ ኃይል አይፈልግም፤ በመሆኑም በ1954 ሬጀንሲ ቲአር-1 የተባለው ባለ አራት ትራንዚስተር የኪስ ሬዲዮ ለገበያ ሲቀርብ፣ በቀጣዩ ዓመትም የሶኒ ስም የያዘው የጃፓን ሬዲዮ ሲከተል፣ ሬዲዮ ከግድግዳው ሶኬት ተላቀቀ። ማዳመጫ ሰክቶ ብቻን መስማት ስለሚቻል፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነገሩ ወደ ክሪስታሉ ዘመን ተመለሰ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ አንድ ሰው ብቻውን የሚሰማው ሌላ አማራጭ ስላልነበረው ሲሆን አሁን ግን ስለፈለገ መሆኑ ነው። ወጣቱ የራሱን ሬዲዮ ይዞ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባ፤ ትልቁ ሬዲዮ ከአባቱና ከዜናው ጋር ሳሎን ቀረ፤ ብዙም ሳይቆይ ምሽቱን ቴሌቪዥን ወሰደበት። ከዚያ በኋላ የ1963ቱ የፊሊፕስ ካሴትም፣ የ1979ኙ ዎክማን የተባለው በማዳመጫ የሚሰማ ትንሽ የካሴት ማጫወቻም በዚሁ መንገድ ነው የሄዱት፤ የእጅ ስልክ ያገኘው አስቀድሞ የተጠረገ መንገድ ነው። ስልክን መውቀስ ይቻላል፣ እኔም አልፎ አልፎ እወቅሰዋለሁ፤ በሬዲዮ ስም መውቀስ ግን አይገባም።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ሌላም ጉዳይ አለ። የቆየ የቤተሰብ ሬዲዮ በየቤቱ ለጌጥ ሲወጣ አያለሁ፤ አንዳንዶች የውስጡን አውጥተው ጥለው ሣጥኑን በብሉቱዝ የሚሠራ ድምፅ ማጉያ ያደርጉታል። መልኩ ይቀራል፤ ነገር ግን የመቃኛው መስታወት ላይ በእርሳስ የተደረገች ምልክት፣ በሌላ ፋብሪካ ቫልቭ የተተካው ቫልቭ፣ ጠጋኙ ከኋላ ክዳኑ ውስጥ የጻፈው ቀን፣ ማለትም ያ ቤተሰብ በእርግጥ ምን ይሰማ እንደነበረና ሬዲዮውን ለማቆየት ምን ያህል እንደደከመ የሚያሳየው ሁሉ አብሮ ይጣላል። ለዓመታት ሳይበራ የቆየን ሬዲዮ ዝም ብሎ መስመር ላይ መሰካትም አይገባም፤ ካፓሲተር ከሚባሉት ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች በሰም ወረቀት የተሠሩት ሲያረጁ ኤሌክትሪክ ያሳልፋሉ፣ ትላልቆቹ ይደርቃሉ፣ በአንዳንዶቹ ሬዲዮዎች ደግሞ የውስጡ ብረት በቀጥታ ከመስመሩ ጋር የተገናኘ ስለሆነ ሰው ሊገድል ይችላል። ቫልቭ የሚያውቅ ጠጋኝ አስቀድሞ ሊያየው ይገባል።

ስለሆነም ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው፣ ይህን ርዕስ ከመዝጋቱ በፊት ለአንባብያን ጠበቅ ያሉ ጥያቄዎች እንዲያቀርብ ነው፦ ሬዲዮው የቤቱ የት ላይ ነበር የተቀመጠው? መቃኛውን የሚይዘው ማን ነበር? ማን ከክፍሉ ውጣ ይባል ነበር? ቤት ውስጥ ሁለተኛ ሬዲዮ የገባው መቼና በማን እጅ ነው? ለእነዚህ መልስ መስጠት የሚችሉ ሰዎች ዕድሜያቸው እየገፋ ስለሆነ፣ የሚመጡት መልሶች አጫጭር ቢሆኑም እንኳ ሳይቆራረጡ ቢታተሙ እመርጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ