ቁልፉን ስትሰጡን ስዕሉንም ስጡን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በአልሙኒየም ካሳፎርማ (አርማታ በሚፈስበት ቅርጽ ማውጫ) ስለሚሠሩ አፓርታማዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። የአንድ ፎቅ አርማታ በጥቂት ቀን እንደሚሞላ ጽፋችኋል። እውነት ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ደስም ብሎኛል። ቤት በጠፋበት ከተማ ፍጥነት ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ነገር ግን ጽሑፉ ውስጥ አጣሁ። ሰው ከገባበት በኋላ የቤቱን ምኑን መንካት ይችላል?

ጡረታ የወጣሁ ፎርማን ነኝ። የምኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። የተወለድኩት ግን ካዛንቺስ ነው። የሰፈሩ ስም የመጣው ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ካሠሩበት ተቋም ነው፣ «ካዛ ኢንቺስ» ከሚሉት። እኛ ከእነዚያ ቤቶች ጀርባ፣ ጭቃ ቤት ውስጥ ነበርን። ክረምቱ ወጥቶ ምርጉ ሲረግፍ እናቴ ጭድ ታስመጣለች። ጭቃው ይቦካል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ለመስቀል ቤቱ አዲስ ይሆናል። መስኮት ማውጣት ያማረው ሰው ቋሚውን ትቶ ማገሩን ይቆርጣል። የትኛው እንጨት ጣሪያውን እንደተሸከመ ልጅ እንኳ ያውቅ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት በደርግ ጊዜ፣ በተገጣጣሚ ቤት ነው። ቴክኖሎጂው የዩጎዝላቪያ ነበር። ብራንኮ ዤዤል የሚባል መሐንዲስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቤልግሬድ ላይ ያወጣው ነው። ኮለኑ (ምሰሶው) እና ሶሌታው (የፎቁ ወለል) ማምረቻ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል፣ በክሬን ይነሳል። ከዚያ የብረት ገመድ በኮለኖቹ ቀዳዳ ያልፍና በጃክ ይወጠራል። ሶሌታውን ከኮለኑ ጋር አጣብቆ የሚይዘው ያ ውጥረት ነው። አላፊ አግዳሚው ቆሞ እያየ «ይሄ ተለጣፊ ነው፣ ይፈርሳል» ይለን ነበር። እኛ ደግሞ ጃኩ ሲያቃስት ትንፋሻችንን ይዘን ቆጣሪውን እናያለን። ያ ቤት በአጽሙ ነው የሚቆመው። ገመዱ ያለፈበት እስካልተነካ ድረስ መሃል ያለውን ተራ መክፈያ ግድግዳ ብታነሳውም ግድ የለውም።

በ1996 ዓ.ም. ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ነገሩ ተገለበጠ። ክሬኑ ቀረ፣ የሚገጣጠመው ቁራጭ በመጠን አነሰ። ብሎኬቱንና የሶሌታውን ትንንሽ ቢም (አግዳሚ ተሸካሚ) በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች አመረቱት። ቢሙን ሁለት ሦስት ሰው ተሸክሞ ያወጣዋል፣ መሃሉ ላይ ብሎኬት ይደረደራል፣ ከላይ አርማታ ይፈስሳል። ጣውላ በጣም ቆጠበ። ዓላማው ቤትም ሥራም ነበር፤ እኔ እስከዛሬ እደግፈዋለሁ። የውስጥ ግድግዳው አግሮስቶን የሚባል ቀላል ሰሌዳ ሆነ። አግሮስቶን ሚስማር አይዝም፣ የገባበት ሁሉ ያውቀዋል። የባለቤቴን ፎቶ ሦስት ጊዜ ሰቅዬ ሦስት ጊዜ ወድቋል። ጎረቤቴ ደግሞ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን የሚለየውን በአንድ ጠዋት ነቅሎ ሳሎኑን አሰፋው። ተሸካሚው ኮለኑ ስለሆነ ምንም አልሆነም። እኛም በሃያ ዓመት ውስጥ ያንን ለመድን። ግድግዳ ማለት የሚነሳ ነገር ነው ብለን።

አሁን ወደ ልጄ ቤት ልምጣ። አምና ካዛንቺስ አካባቢ በአልሙኒየም ካሳፎርማ የተሠራ ሕንፃ 9ኛ ፎቅ ላይ ገዛች። ቤቱ ያምራል፣ ልስን እንኳ አያስፈልገውም። ከሳሎን ወደ ኩሽና ሰፋ ያለ መግቢያ ፈለገችና ሠራተኛ አስመጣች። ልጠይቃት ብዬ ስደርስ ልጁ መሰርሰሪያውን ይዞ ግድግዳውን የእንጀራ ሰፌድ ያህል በስቶታል። ሁለት ፌሮ በግራይንደር ተቆርጦ ጫፉ ይብረቀረቃል። «አቁም!» አልኩት።

«ፋዘር፣ ግድግዳ እኮ ነው። ኮለን አይደለም» አለኝ።

«እዚህ ቤት ውስጥ ኮለን የታለ ልጄ? አሳየኝ» አልኩት።

ዞር ዞር ብሎ አየ። ሳሎኑን፣ መኝታ ቤቱን፣ ኮሪደሩን አየ። ኮለን የለም። መሰርሰሪያውን መሬት ላይ አስቀመጠው። በዚህ አሠራር ግድግዳውና ሶሌታው አንድ ላይ ነው የሚሞሉት። ኮለኑ ራሱ ግድግዳው ነው። ልጁ ግን ጥፋት የለበትም። እኔም ሙያው ባይኖረኝ አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረውም፣ ማንም ለልጄ አልነገራትም።

ለንደን ላይ ሮናን ፖይንት የሚባል ባለ 22 ፎቅ ሕንፃ ነበር። የግድግዳ ጠፍጣፋ በጠፍጣፋ ላይ እየተደረደረ የተሠራ ነው። በግንቦት 1968 (እ.ኤ.አ.) አንዲት ሴት 18ኛ ፎቅ ላይ በጠዋት ጋዝ ልትለኩስ ስትል ፈነዳ። የማዕዘኑ ግድግዳ ተገፍቶ ወጣ። ያ ግድግዳ የላይኞቹን ፎቆች ተሸክሞ ስለነበር ማዕዘኑ ከላይ እስከ ታች ተራ በተራ ወረደ። 4 ሰው ሞተ። የእኛ አዲሶቹ ሕንፃዎች ወጥ አርማታ ናቸው፣ እንደዚያ በመጋጠሚያ የተያያዙ አይደሉም፤ ሰው ማስፈራራት አልፈልግም። ግን ግድግዳ ተሸካሚ ሲሆን አንዱ ነዋሪ የሚያደርገው ነገር የሌላው ጉዳይ ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥ እዚህ ድረስ ሲሰማን በሌሊት በጋቢ ደረጃ የወረድን ሰዎች ይሄ አይጠፋንም።

የምለምነው ትንሽ ነገር ነው። ቤት የሚሸጥም የሚያስረክብም ከቁልፉ ጋር አንድ ገጽ ስዕል ይስጥ። የማይነካው ግድግዳ በቀይ ይቀለም። ስዕሉ በአማርኛም ይጻፍ፣ መግቢያው ላይም ይለጠፍ፣ መሰርሰሪያ የያዘው ልጅ እንዲያነበው። ጋዜጣችሁም ስለ ፍጥነቱ ሲዘግብ ይህን ይጠይቅልን።

ልጄ የሸጠላት ድርጅት ቢሮ ሦስት ጊዜ ሄዳለች። ስዕል ለገዢ አይሰጥም አሏት። የተበሳው ግድግዳ እስካሁን በካርቶን ተሸፍኗል። ሠራተኛውም መሐንዲስ ሳያየው ምንም አልነካም ብሏል።

አክባሪያችሁ፣
ጡረተኛው ፎርማን፣ ከልደታ