ቱናው ይጠብቃል፣ ወተቱ ግን ይኮመጥጣል

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ስለ ትንንሽ ደሴት አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስብሰባውና መግለጫው በዝቶበታል። ዋናው ጉዳይ ዓሣው ነው፤ እሱን ግን በሁለት መስመር አለፋችሁት።

እኔ ሱሉልታ ሦስት ላም አለኝ። ቱና የማውቀው ከሱቅ፣ በቆርቆሮ ነው። ግን ነገሩ የኛን ነገር ስለሚመስል ተከታትየዋለሁ።

የናውሩ ስምምነት፣ የፓስፊክ ደሴት አገሮች ቱና ማጥመዱን አብረው ለመቆጣጠር የገቡት ውል፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ተፈረመ። ዛሬ አባላቱ ስምንት ናቸው። ናውሩ ራሷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ናት፤ ባሕሯ ግን ሰፊ ነው። ቱናው ደግሞ ድንበር አያውቅም፣ ዛሬ ኪሪባቲ ነገ ቱቫሉ ነው። ከሩቅ የሚመጡት መርከቦች እያማረጡ በርካሽ ፈቃድ ይገዙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ ደሴቶቹ ቀን መሸጥ ጀመሩ። አንድ መርከብ በባሕራቸው አንድ ቀን ለማጥመድ ይከፍላል። የዓመቱን የማጥመጃ ቀን ብዛት ወስነው ይከፋፈሉታል፣ መነሻ ዋጋውንም አብረው ይቆርጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን 5,000 ዶላር የነበረው በ2015 8,000 ገባ። በ2010 ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የነበረው ገቢያቸውም በአሥር ዓመት ውስጥ ወደ 500 ሚሊዮን ተጠጋ።

እኛም ሞክረናል። አምና ሁዳዴ ገብቶ ወተት ፈላጊ ሲጠፋ፣ ሰብሳቢው ዋጋውን ጣለው። አሥራ አንድ ቤት ሆነን «ከዚህ በታች አንሸጥም» ተባባልን። ሰብሳቢው ሦስት ቀን ቀረ። በአራተኛው ቀን ማለዳ ጎረቤቴን ጀሪካኗን ይዛ አስፋልት ዳር አገኘኋት። አፈረች። «ምን ላድርግ ወንድሜ፣ ፉርሽካው በዱቤ ነው» አለችኝ። እኔም የራሴን ጀሪካን ከኋላዬ ደብቄ ነበር።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ደሴቶቹ ቢያኮርፉ ዓሣው ባሕር ውስጥ እየዋኘ ይቆያቸዋል። የኛ ወተት እኩለ ቀን ሳይሆን ይኮመጥጣል። «ናጡትና ቅቤ አውጡ» የሚል አይጠፋም። ቅቤውስ ይቆያል፣ ፉርሽካ ሻጩ ግን ፋሲካን አይጠብቅም። ተደራጁ የሚለን ባለሙያ ሞልቷል፤ እስካሁን ማቀዝቀዣ ታንክ ይዞ የመጣ አላየሁም።

በሚመጣው ሁዳዴ ዘጋቢ ላኩልን። ከንጋቱ 12 ሰዓት አስፋልቱ ዳር ነን።

አንባቢያችሁ፣ ከሱሉልታ