ናቲ፣ በኳስ ከሰው አትጣላ

ናቲዬ፣ እንዴት ነህ ልጄ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላው ሰላም ነው። ደውዬ ልነግርህ ነበር። ግን ስልክ ላይ ቶሎ እቆጣለሁ፣ አንተም ዝም ትላለህ፣ ከዚያ እናትህ ስልኩን ትቀበለኛለች። ለዚህ ነው የጻፍኩት።

የአጎትህ ልጅ ሁሉንም ነግሮናል። እሱን እንዳትቀየመው፣ አስቦልህ ነው። ሥራ ቦታ ከአንዱ ልጅ ጋር በፉቲ፣ በአውስትራሊያ ኳስ፣ ተጨቃጭቀህ ደረቱን ገፍተኸዋል፣ አለቃህም የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶሃል። እናትህ ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ፐርዝ የሄድከው ልትሠራ ነው። በኳስ ከሰው አትጣላ። እዚህ ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ እያለህም ብዬህ ነበር፣ አሁንም እልሃለሁ።

ልጁ ስለ ቡድናችን፣ ስለ ፉትስክሬዮቹ ዶጊስ፣ ያለውን ሰምቻለሁ። «ዶጊስ ፋይናል ላይ ወኔ የላቸውም፣ የ2016ቱም ዋንጫ ዕድል ነው» አለ አሉ። ያበሽቃል። እኔንም አብሽቆኛል። እንዴት ዕድል ይሆናል? በፈረንጆቹ 2016 ሰባተኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን አራት ፋይናል፣ ማለት ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለውን የዋንጫ ማጣሪያ፣ በተከታታይ አሸነፈ። የመጀመሪያውን እዚያው እነሱ ከተማ ፐርዝ፣ ሱቢያኮ ሜዳ ላይ፣ ዌስት ኮስትን በሜዳውና በደጋፊው ፊት በ47 ነጥብ። ቀጥሎ ሐውቶርንን። ከዚያ ሲድኒ ሄዶ ጂ ደብሊው ኤስ የሚባለውን ቡድን በ6 ነጥብ። መጨረሻ ላይ የዋንጫውን ጨዋታ፣ ግራንድ ፋይናሉን፣ እዚህ ሜልበርን ኤም ሲ ጂ ስታዲየም ሲድኒ ስዋንስን በ22። ከ1954 ወዲህ ዋንጫ አይቶ የማያውቅ ሰፈር ነው እኮ! ዕድል አራት ጊዜ አይደጋገምም።

ግን እውነቱን እንነጋገር። ልጁ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም። ከዚያ ወዲህ ፋይናል ያሸነፍነው በ2021 ብቻ ነው። በ2022 እዚያው ፐርዝ የከተማውን ቡድን ፍሬማንትልን 41 ነጥብ መርተን በ13 ተሸንፈን ወጣን። ቴሌቪዥኑን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ አንተ እስከ መጨረሻው ልታይ ነበር። ስለዚህ ሰው ይህን ሲልህ «እውነትህን ነው፣ ያ ቀን ከብዶናል» ብትለው ምን ይጎድልብሃል? ሰው እውነት ስለተናገረ ደረቱ አይገፋም።

የሜዳ ነገር ደግሞ፣ የፐርዝ ሰዎች በሜዳቸው ይመካሉ፣ እውነትም ጥቅም አለው። የሜልበርን ቡድን አራት ሰዓት በርሮ ነው የሚደርሰው። የፉቲ ሜዳ እንደ እግር ኳስ ተቀራራቢ አይደለም፣ አንዱ ይረዝማል ሌላው ይሰፋል፣ የለመደው ሰው የት ላይ እንደሚመታ ያውቃል። ጩኸቱም አለ። ግን የጂሎንግን ቡድን ተመልከት። ካርዲኒያ ፓርክን የመሰለ የራሳቸው ሜዳ አላቸው፣ ፋይናል በሜዳችን አይሰጠንም እያሉ ያማርራሉ። በ2013 ተሰጣቸው፣ ፍሬማንትል መጥቶ በ15 ነጥብ አሸነፋቸው። እኛማ ምን ሜዳ አለን? የሰፈራችን ሜዳ ዊትን ኦቫል ላይ የሊግ ጨዋታ በ1997 ቀረ፣ ከ2000 ወዲህ መሃል ከተማ ዶክላንድስ ስታዲየም ነው፣ እሱንም ከሌሎች ጋር ተጋርተን። እኔ ሳድግ አዲስ አበባ ስታዲየም ጊዮርጊስም ቡናም እዚያው ነበር የሚጫወቱት። ሜዳው የማንም አልነበረም፣ የጮኸው ነበር ባለሜዳ። በ2021ም ሎንሰስተን፣ ብሪስቤን፣ አደሌድ እየዞርን ነው ለግራንድ ፋይናል የደረስነው። ብሪስቤንን በአንድ ነጥብ! ግራንድ ፋይናሉን ፐርዝ ላይ በ74 ተሸነፍን፣ ያንን ማን ይክዳል።

ይኸው እኔም ክርክር ውስጥ ገባሁ። ግን እኔ ማንንም አልገፋሁም።

የመኪናህን ዘይት አስቀይር። ከሄድክ ጀምሮ አላስቀየርክም አሉ።

ናቲዬ፣ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ነግሬህ አላውቅም። በ2016 የሐውቶርኑ ጨዋታ አርብ ማታ ነበር፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 6። ትኬት ነበር። «አባዬ እንሂድ» አልከኝ፣ 14 ዓመትህ ነበር። እኔ ምን አልኩህ? «ሐውቶርን ሦስት ዓመት በተከታታይ ዋንጫ የወሰደ ቡድን ነው፣ ለሽንፈት ገንዘብ አልከፍልም»። አርብ ማታ ደግሞ ታክሲ የሚሠራበት ቀን ነው። አንተ መልስ አልሰጠኸኝም። ሻርፕህን አድርገህ ሶፋው ላይ ብቻህን ተቀመጥክ። እኔ ያን ማታ የሌላ ሰው ልጆች ከነአባቶቻቸው ኤም ሲ ጂ በር ላይ ሳወርድ አመሸሁ።

ለግራንድ ፋይናሉ ትኬት የሚታሰብ አልነበረም። ቀኑ መስከረም 21 ነበር፣ የግሸን ማርያም። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ደርሼ ከሰዓት ወጣሁ፣ ጨዋታውን በሬዲዮ ሰማሁ። ሲያልቅ አንድ ሽማግሌ ጫንኩ፣ ሻርፑ ቀዩ ወደ ሮዝ የሄደ፣ ጫፉ የተተረተረ። «ፉትስክሬይ» አለኝ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅ የለም። በመስታወት ሳየው እንባው በጉንጩ ይወርዳል፣ አይጠርገውም። ልንደርስ ስንል «በ54 አባቴ ነበር የወሰደኝ» አለ። ከ62 ዓመት በኋላ እኮ ነው! ሒሳቡን ልቀበለው እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ቤት ስገባ ተኝተሃል፣ ሻርፑ አንገትህ ላይ ነው። አሰልጣኙ ሜዳሊያውን ለተጎዳው ካፒቴን ለቦብ መርፊ ሲያጠልቅለት እንዴት እንዳለቀስክ በማግስቱ ነገርከኝ። ቁርስ እየበላን ነበር። እኔ ስለ አርቡ ይቅርታ ልልህ ፈልጌ «ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ» አልኩህ። ይኸው እስከ ዛሬ ቆየ። ይቅር በለኝ ልጄ።

እና አንተ ነገ ጠዋት ልጁን አግኘው። በቴክስት አይሆንም፣ ፊት ለፊት። «አጥፍቻለሁ» በለው፣ ስለ ዶጊስ አንድ ቃል ሳትጨምር። አለቃህንም አነጋግረው። በኳስ ከሰው አትጣላ፣ እባክህ።

እናትህ በርበሬና ዳቦ ቆሎ በፖስታ ልካለች፣ ሲደርስ ደውልላት። እኔ የሚቀጥለው ዓመት ፕሮግራም ሲወጣ ዶጊስ ፐርዝ የሚመጡበትን ቀን አይቼ እመጣለሁ። ትኬቱን አንተ እንዳትገዛ፣ ሁለቱንም የምገዛው እኔ ነኝ። ሻርፕህ ቁም ሳጥን ውስጥ ነው፣ ታጥቧል፣ ይዤልህ እመጣለሁ።

አባትህ