ስለ ሃርቫርድ ስታዲየም አርማታ እና ስለ ፎቶው

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በስፖርት ገጻችሁ ስለ አሜሪካ ፉትቦል የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ልጆቻችን አፍጥጠው የሚያዩትን ጨዋታ ለእኛ ለወላጆች የሚያስረዳ ሰው በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። ግን ሁለት ነገር አልዋጥልህ አለኝ። አንደኛው ኳስን በእጅ ወደፊት መወርወር የተፈቀደው አሰልጣኞች ጨዋታውን ለማሳመር ብለው ነው መባሉ ነው። ሁለተኛው ፎቶው ነው። የፎቶውን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

እኔ አዲስ አበባ እያለሁ የሕንጻ ፎርማን ነበርኩ። ግማሽ ዕድሜዬ ያለቀው በፌሮና በካሳፎርማ መሀል ነው። አሁን የምኖረው ቦስተን ነው፤ ከሃርቫርድ ስታዲየም ብዙም አልርቅም። የጨዋታውን ሕግ እስከ ዛሬ በቅጡ አላውቀውም። ስታዲየሙን ግን እወደዋለሁ። የውርወራው ነገርም ከእሱ ጋር ይያያዛል።

ቦታው ሶልጀርስ ፊልድ ይባላል፣ የወታደሮች ሜዳ እንደማለት። ዩኒቨርሲቲው ካለበት ከካምብሪጅ የቻርልስን ወንዝ ተሻግሮ፣ ቦስተን ክልል ውስጥ ነው። መሬቱን በ1890 የሰጠው ሄንሪ ሊ ሂጊንሰን የሚባል ባለ ባንክ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። የሰጠውም በእርስ በርሱ ጦርነት ዘመን ለነበሩ ስድስት ጓደኞቹ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። ከስድስቱ አንዱ የጥቁር ወታደሮችን ክፍለ ጦር እየመራ የተሰዋው ሮበርት ጉልድ ሾው ነው።

ያኔ የኳስ ተመልካች የሚቀመጠው እንጨት ላይ ነበር። እንጨት ደግሞ ይበሰብሳል፣ ይሰበራል፣ ይቃጠላል። እዚሁ ቦስተን በ1894 በአንድ የቤዝቦል ሜዳ ጨዋታው ገና ሳያልቅ ከመቀመጫው ሥር እሳት ተነሳ። እሳቱ ሜዳውን ጨርሶ ወደ ሰፈሩ ተዛመተና ከመቶ በላይ ቤት በላ።

እንግዲህ በ1879 የተመረቁ የሃርቫርድ ተማሪዎች ለ25ኛ ዓመታቸው 100 ሺህ ዶላር ለስታዲየም ሰጡ። ጠቅላላ ወጪው ግን 310 ሺህ ዶላር ገደማ ደርሷል። ግምቱን ያለፈ ሥራ እዚያም አለ ማለት ነው! የምሕንድስና መምህሩ አይራ ሆሊስ ሐሳቡን ገፋበት። የሲቪል ምሕንድስናው ሉዊስ ጆንሰን ስሌቱን ሠራ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ቻርልስ ማኪም በመልኩ ላይ አማከረ። መልኩን ከጥንት ግሪክና ሮማ ወሰዱና የፈረስ ኮቴ አስመሰሉት፣ አንድ ጎኑ ክፍት የሆነ።

የተሠራው በአርማታ ነው። ዛሬ ይህን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? በ1903 ግን አርማታ ገና አዲስ ነገር ነበር። ይህን ያህል ግዙፍ የአርማታ መቀመጫ አሜሪካ ውስጥ ማንም አልሠራም። የቦስተን ክረምት ይሰነጣጥቀዋል የሚሉም ብዙ ነበሩ። ስጋታቸው ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ውሃ አርማታ ውስጥ ገብቶ በረዶ ሲሆን ያብጣል፤ ሲያብጥ ይፈነቅላል። እኔም እዚያ ብኖር ኖሮ ከተጠራጣሪዎቹ ጋር ነበር የምሰለፈው።

ሥራው በሰኔ ተጀመረ። መቀመጫዎቹን መሬት ላይ እየሞሉ፣ ሲደርቁ እያነሱ ቦታቸው ላይ አስቀመጧቸው። በአራት ወር ተኩል ውስጥ ሰው የሚይዝ ሆነ። አራት ወር ተኩል! እኔ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ሕንጻ ላይ ሲሚንቶ ስጠብቅ ብቻ ከዚያ በላይ ቆሜ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ኅዳር 14 ቀን 1903 ነበር፣ በእኛ ኅዳር 4 ቀን 1896 መሆኑ ነው። ስታዲየሙ ገና አላለቀም። እንግዳው የዳርትማውዝ ኮሌጅ ቡድን መጣና 11 ለ 0 አሸንፎ ሄደ። በሳምንቱ ተቀናቃኙ የዬል ዩኒቨርሲቲ መጣና 16 ለ 0 ደገመው። ሃርቫርድ ድግሱን ደግሶ ራሱ ጦሙን አደረ።

በነገራችን ላይ፣ የመጀመሪያው የአሜሪካ መንግሥት መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር ወደ ዳግማዊ ምኒልክ የተጓዘውም በዚያው ወቅት ነው። የሁለቱ አገሮች የንግድ ውል አዲስ አበባ የተፈረመው በታኅሣሥ 1903 ነው። ምኒልክ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሮዝቬልት አንበሶች በስጦታ ላኩለት። ሮዝቬልትን አትርሱት፤ ወደ ነገራችን ይመለሳል።

የዚያ ዘመን ፉትቦል ጨዋታ ከሚባል ጠብ ቢባል ይሻለዋል። ኳስ ወደፊት መወርወር ክልክል ነው። ስለዚህ ኳሱን የያዘውን ከበው፣ ተያይዘውና ተገፋፍተው እንደ በሬ መንጋ መሀል ለመሀል ይሄዳሉ። በ1892 ሃርቫርድ ራሱ እየሮጡ በሽብልቅ ቅርጽ የሚመቱበትን ዘዴ ዬል ላይ አወጣ፤ ዘዴው ብዙም ሳይቆይ ታገደ። በ1905 የጨዋታ ወቅት ብቻ 18 ሰው እንደሞተ የጊዜው ጋዜጣ ቆጥሯል። ሮዝቬልት የሃርቫርድ ምሩቅ ነው፤ ልጁም በዚያው ዓመት እዚያው ይጫወት ነበር። በጥቅምት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርቶ ጨዋታውን አጽዱ አላቸው።

አሁን አርማታው ይመጣል። ሕግ አውጪዎቹ በ1906 ሲሰበሰቡ ከቀረቡት ሐሳቦች አንዱ ሜዳውን ማስፋት ነበር። ያቀረበው የዬሉ ዋልተር ካምፕ ነው። ሜዳው በ12 ሜትር ያህል ይስፋ፣ ተጫዋቹም ይበተን፣ መተራመሱ ይቀራል አለ። ሐሳቡ ሞኝነት አልነበረም። ግን የሃርቫርድ ስታዲየም ገና በሦስተኛ ዓመቱ ነው። ግንቡ ሜዳውን በሁለት ክንዱ እንዳቀፈ ቆሟል። እንጨት ቢሆን ነቅለህ ወደኋላ ትወስደዋለህ። አርማታ አንዴ ከያዘ ወዲህ ወዲያ የለም፤ ማፍረስ ብቻ ነው። አዲስ የተሠራ የ310 ሺህ ዶላር ግንብ ማን ያፈርሳል?

ማስፋቱ ቀረ። ወደፊት መወርወር ተፈቀደ። የሜዳው ወርድ ዛሬም 49 ሜትር ገደማ ነው፣ እንደያኔው።

ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም። ከዚያ በፊትም ውርወራ ይፈቀድ እያሉ የወተወቱ አሰልጣኞች ነበሩ። ጸሐፊያችሁ ይህን ካሉ ልክ ናቸው። ግን ለማሳመር ተብሎ አይደለም። ሰው እየሞተ ነበር፣ ሌላው በር ደግሞ በግንብ ተዘግቷል። ውርወራውንም ቢሆን በደስታ አልተቀበሉትም። የተወረወረው ኳስ ማንም ሳይነካው መሬት ከወደቀ ለተጋጣሚ ይሰጥ ነበር። በመስከረም 1906 የሴንት ሉዊስ ዩኒቨርሲቲው ተጫዋች ብራድበሪ ሮቢንሰን በሕጉ መሠረት የመጀመሪያውን ሲወረውር የደረሰበትም ይኸው ነው። ኋላ በዚያው ጨዋታ ደግሞ ሞከረና ተሳካለት።

እኔ ቅዳሜ ጠዋት አንዳንዴ ወደዚያ ብቅ እላለሁ። የሰፈሩ ወጣቶች ደረጃውን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው እየወጡ እየወረዱ ይሮጡበታል፣ 37ቱንም ክፍል። አንድ ቀን ልጄ ጎትታ አስጀመረችኝ። ሦስተኛው ላይ ጉልበቴ አቤት አለ። መቀመጫዎቹ እንደ ትልቅ ደረጃ ናቸው፣ እግርህን እስከ ጉልበትህ ታነሳለህ። ላዩ ላይ ቁጭ ብዬ እሷን ስጠብቅ የአዲስ አበባ ስታዲየም ትዝ አለኝ። እዚህ ጥላ ፎቅ የለ፣ ሚስማር ተራ የለ። ሁሉም ያለ ጥላ ነው። ዝናብና በረዶ ለሁሉም እኩል ይወርድበታል። ከላይ ዙሪያውን የሚታየው ባለ ዓምድ መተላለፊያ በ1910 የተጨመረ ነው። በ1929 ክፍቱን ጎን በብረት መቀመጫ ደፍነውት ከ57 ሺህ በላይ ሰው ይይዝ ነበር፤ በ1951 አነሱት። ጥሩ አደረጉ፣ ቅርጹ ተመለሰ። ከመውጣቴ በፊት ከሥር ግድግዳውን በእጄ ዳሰስኩት። ሻካራ ነው፣ የተጠገነበትም ቦታ አለ። ስንትና ስንት ክረምት አልፎበታል።

ወደ ፎቶው ልመለስ። ከሥሩ "የሃርቫርድ ስታዲየም" ይላል። አይደለም። የታተመው ዙሪያውን የተዘጋ ነው፣ መቀመጫውም ከመሬት ወደታች ይሰምጣል። ያ የዬል ነው፣ በቅርጹ ጎድጓዳ ሳህን የሚሉት። መሬቱን ቆፍረው፣ አፈሩን ዙሪያውን ከምረው ሠሩት፤ ተመልካቹ በዋሻ ነው የሚገባው። በኅዳር 1914 ሲከፈት ሃርቫርድ ሄዶ 36 ለ 0 አሸነፋቸው። የ1903ን ብድር መለሰ መሰለኝ። የሁለቱ ተቀናቃኝነት እስከ ዛሬ አልበረደም፤ የአንዱን ቤት ለሌላው መስጠት እዚህ ሰፈር ያስቀይማል።

እባካችሁ ስሙን አስተካክሉት። ሌላ ፎቶ ካጣችሁ እኔ በመጪው ቅዳሜ አንስቼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከቦስተን