ቤት ለእንግዳ

ደብሊን፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከናፍቆትዎ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በስልክ መነጋገራችን ባይቀርም፣ የዛሬው ጉዳይ ረጋ ብሎ መጻፍን ስለሚፈልግ ብዕር አንሥቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሥራ ባልደረባዬ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣ ሸክላ አሰማኝ። ዘፋኙ ፖል ብሬዲ በሰሜን አየርላንድ ስትራቤን በምትባል ከተማ ያደገ ሲሆን፣ ፕላንክስቲን ከመሳሰሉ የባህል ሙዚቃ ቡድኖች ጋር ሲጫወት፣ በ1976ም ከአንዲ አርቫይን ጋር በጥምረት ሲያስቀርጽ ቆይቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ ስም ብቻ ያወጣው የባህል ዘፈኖች አልበም ይህ ነው። ርእሱ «ዌልካም ሂር ካይንድ ስትሬንጀር» ይባላል፤ በእኛ አነጋገር «ቤት ለእንግዳ» እንደ ማለት ነው።

ርእሱ የተገኘው «ዘ ሌክስ ኦቭ ፖንቻርትሬን» ከተባለው ዘፈን ሲሆን፣ ፖንቻርትሬን በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስ አጠገብ ያለ ሐይቅ ነው። አንድ መንገደኛ የያዘው ገንዘብ በሰው አገር አልሠራ ብሎት፣ ዱቤ የሚሰጠውም አጥቶ፣ መሽቶበት ሳለ ከአንዲት ልጅ ጋር ይገናኛል። አዞዎቹ ባይኖሩ ከጫካው አድር ነበር ሲላት፣ ቤታችን የድሃ ቤት ነው፣ ግን ግባ ብላ ወስዳ ታሳድረዋለች። ላግባሽ ቢላትም፣ ባሕር ላይ ያለ ወዳጇን እንደምትጠብቅ ነግራ ትሸኘዋለች። ብሬዲ ይህን ሁሉ ጊታሩን ይዞ፣ ሳይጮኽ፣ አጠገብዎ ተቀምጦ እንደሚያወጋ ሰው ያዜመዋል።

እኔን ግን ከአጥራችን ውጪ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ያለው ሸማኔ ታወሰኝ። ስሙን እንኳ ሳይጠይቁ መደቡን ለቀውለት፣ እርስዎ ከእኛ ከልጆቹ ጋር ቁርበት ላይ አደሩ።

ያለ ግጥም የሚጫወታቸው የጭፈራ ዜማዎች ብዙም አልያዙኝም። «ፓዲስ ግሪን ሻምሮክ ሾር» ግን ሌላ ነው፤ ከደሪ ወደብ ተነሥተው ወደ ኒው ዮርክ የሚሰደዱ ሰዎች፣ በመንገድ እንዳያልቅባቸው 5,000 ጋሎን ውሃ መጫናቸውን ሳይቀር ይናገራል። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. ከ1845 ጀምሮ የድሃው ዋና ምግብ የነበረው ድንች በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል፣ ከዚያም የሚበልጠው ተሰዷል። እርስዎ የ1977ቱን ድርቅ በዓይንዎ ስላዩ፣ ስደተኛ ውሃውን ለምን እንደሚቆጥር እኔ አልነግርዎትም።

አልበሙን ለገና በሚመጣ ሰው እልክልዎታለሁ፤ የዘፈኖቹንም ታሪክ በአማርኛ ጽፌ አብሬ አስቀምጣለሁ። በቅድሚያ የሐይቁን ዘፈን ሁለት ጊዜ ያዳምጡት። ከዚያም ያ ሸማኔ ሲነጋ በየት በኩል እንደሄደ ይጻፉልኝ፤ እኔ ተኝቼ ስለ ነበር አላየሁትም።

ናፋቂ ልጅዎ