የኬሚስትሪ ክበብ ዘገባ፦ ባቄላው የሚችለው እኛ ለምን ያቅተናል?

ርዕሱ የእኔ አይደለም። ጥቅምት ላይ አንድ የ11ኛ ክፍል ልጅ የጠየቀው ነው። ባቄላ ማዳበሪያ የሚሠራበትን አሞኒያ በስሩ ላይ ከአየር ያገኛል፤ እኛስ እንዲህ በቀላሉ ለምን አንሠራም ማለቱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ክበባችን ያንን ጥያቄ ሲያሳድድ ከረመ።

ገበሬ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከአየር ናይትሮጅን። የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ችግሩ ሁለቱ አቶሞች በሦስት ቦንድ ተቆላልፈዋል። ፍሪትዝ ሀበር በ1909 እ.ኤ.አ. መፍቻውን አሳየ። ካርል ቦሽ ወደ ፋብሪካ አሸጋገረው። ዛሬም ከ400 ዲግሪ በላይ ሙቀትና ከተራው የአየር ግፊት ከ100 እጥፍ በላይ ይፈልጋል።

ኅዳር ላይ ከቤተ ሙከራው ጀርባ ባቄላ ዘራን፤ ጥር ላይ ነቀልን። ስሩ ላይ ያሉትን ትንንሽ እባጮች በምላጭ ስንሰነጥቃቸው ውስጣቸው እንደ ሥጋ ቀይ ነው። ልጆቹ ደነገጡ። ቀለሙ የደማችን ሄሞግሎቢን ዘመድ ነው፤ ኦክስጅን ሥራውን እንዳያበላሽ ይቆጣጠራል። እዚያ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም አሞኒያ ይሠራሉ። እሳት የለም፣ የታመቀ ጋዝ የለም፣ እርጥብ አፈር ብቻ። ጉልበቱን ግን ባቄላው ከሚሰጣቸው ስኳር ይከፍላሉ፤ ለአንድ ናይትሮጅን ሞለኪውል ቢያንስ 16 ኤቲፒ (ሕዋስ ጉልበት የሚያመላልስበት ሞለኪውል)!

ሚያዝያ ላይ እኛም ሞከርን። ከአሮጌ ባትሪ ድንጋይ የካርቦን ዘንግ አወጣን፣ ጥቂት ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ነከርን፣ ኤሌክትሪክ ሰጠን፣ በካቶዱ (በአሉታዊው ዘንግ) በኩል አየር ነፋን። አሞኒያ ቤዝ ስለሆነ ቀይ የሊትመስ ወረቀትን ሰማያዊ ያደርጋል። እዚያው የተነከረው ቀይ ሊትመስ ሰማያዊ ሆነ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ። አንዲት ልጅ ብቻ ዝም ብላ አየችና "ቲቸር፣ አየሩን ሳንነፋስ?" አለች።

ደገምነው። ያለ አየርም ሰማያዊ ሆነ! ሃይድሮጅን ሲወጣ ካቶዱ ጋር የሚቀረው ሃይድሮክሳይድ፣ እሱም ቤዝ የሆነው፣ ነው ወረቀቱን የቀየረው። የሚተን አሞኒያ ካለ ብለን እርጥብ ሊትመስ ከውሃው በላይ ስንይዝ ምንም አልታየም።

ይህ የልጆች ስህተት ብቻ አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. ኔቸር መጽሔት ላይ የዴንማርክና የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንኑ ጉዳይ አንስተዋል። በኤሌክትሪክ ተሠራ የሚባለው አሞኒያ ከአየሩ፣ ከዕቃው፣ ከሰው ትንፋሽ ሳይቀር ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ናይትሮጅኑን አርጎን በሚባል ሌላ ጋዝ ተክቶ መድገም፣ ከዚያም ናይትሮጅን-15 በሚባለው ከበድ ያለ ዓይነት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ያን ቀን ልጆቹ ይህን ከእኔ ማብራሪያ በፊት ገብቷቸው ነበር።

በክበቡ መዝገብ ላይ ያሰፈርነው ውጤት "አሞኒያ አላገኘንም" ይላል። የጻፈችው ያችው ልጅ ናት።